አርባ ሦስት ለቅሶ

የካቲት 29 ቀን 1989 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ማርች 8 ቀን 1997፣ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ ዳላስ አጠገብ ባለችው ሜስኪት ውስጥ በአንድ የአፓርታማ ግቢ የስብሰባ ክፍል የተገኙት እነዚህ ነበሩ፦ የዕድሩ ሊቀመንበር አቶ ይገዙ፣ ጸሐፊው ጋሼ ኃይለ መስቀል፣ ሦስት የኮሚቴ አባላት፣ ሃያ ያህል ተራ አባላትና የዕቃ ቤት ኃላፊዋ እማዋይሽ። ባለጉዳይዋ መሰረት አልመጣችም። ባሏ ጳውሎስ ግን በሩ አጠገብ፣ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው ተቀምጦ ነበር።

እማዋይሽ በዕድሩ ውስጥ ድምፅ እንጂ ሥልጣን የላትም ይባላል። እንዲህ የሚሉት ወንበሩ የት እንደሚያድር የዘነጉ ሰዎች ናቸው። ሰማንያው ታጣፊ ወንበር፣ አራቱ ትልልቅ ድስት፣ የሻይ ማፍያዎቹና ድንኳኑ የሚያድሩት እርሷ ጋራዥ ውስጥ ነው፤ የራሷ መኪና ውጭ እያደረ ጣሪያው በበረዶ ሰርጉዷል። ለስድስት ዓመት ከሜስኪት እስከ ዴንተን ያለ እርሷ ወንበር የተቀመጠ ለቀስተኛ የለም። ቀን ቀን አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። ሽማግሌ ማጠብ፣ ማልበስና ማባበል እንጀራዋ ስለሆነ የዕድሩንም ኮሚቴ በዚያው ዓይን ነበር የምታየው። ጥበቡ ታጥበው፣ ለብሰው፣ ተመግበው ሲያበቁ ሁሉንም በራሳቸው ያደረጉት እንዲመስላቸው ማድረግ ነው።

የዕለቱ ጉዳይ እንዲህ ነው። በጥር ወር መሰረት ከሥራ ስትመለስ 635 አውራ ጎዳና ላይ ቧንቧ የጫነ ከባድ መኪና ከኋላ ገጫት። የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። እርሷ ተረፈች፤ ፅንሱ አልተረፈም። የያዙት ጠበቃ ደግ ሰው ነው፤ ወረቀቱን ሲያገላብጥ ቆይቶ እውነቱን ነገራቸው። በቴክሳስ ሕግ አንድ ሰው በሌላው ጥፋት ሲሞት ቤተሰቡ መክሰስ ይችላል፤ ነገር ግን ሟች ተብሎ የሚቆጠረው በሕይወት የተወለደ ነው። ለተሰበረው የትከሻ አጥንቷና ለመኪናው ይካሳሉ። ለፅንሱ ግን አንቀጽ የለም። ያልተወለደውም ይቆጠር የሚል ረቂቅ ኦስቲን ላሉት ሕግ አውጪዎች ቀርቧል፤ እርሱን ተስፋ አድርጋችሁ ግን አትቀመጡ አላቸው።

“የኋላ መብራቴ ተቆጠረ፣” አለች መሰረት ለእማዋይሽ። “የዕቃ መጫኛው ክዳን ተቆጠረ። ልጄ ግን አልተቆጠረም።”

በእኛም ዘንድ ያው ነው። ላልተወለደ አይለቀስም። ሴቶች ሾርባ ይዘው ይመጣሉ፣ “ገና ልጅ ነሽ፣ ሌላ ትወልጃለሽ” ይላሉ፣ ዕቃቸውን ይዘው ይሄዳሉ። መሰረት ሾርባውን ጠጣች፤ ምክሩ ግን አልወረደላትም። የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ሰው ቤቷ መጥቶ እንደማንኛውም ሐዘን ሦስት ቀን እንዲቀመጥላት። ጳውሎስ ይህንኑ በግማሽ ገጽ ጽፎ ለዕድሩ አስገባ።

ማመልከቻው ለጋሼ ኃይለ መስቀል እንደ ሎተሪ ነበር የደረሳቸው። አገር ቤት ሳሉ የአውራጃ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ዐሥራ አንድ ዓመት ሠርተዋል። አሁን ዳውንታውን ዳላስ፣ በአንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ በር ላይ፣ ቁም ሣጥን በምታክል የመስታወት ክፍል ተቀምጠው ቲኬት ይቀበላሉ፤ በአንዱ መኪናና በሚቀጥለው መካከል ሕግ ያነባሉ። ዴንተን ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጃቸው ሐሴት ያንን የኦስቲን ረቂቅ ከኮምፒውተር አትማ አመጣችላቸው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ተረጎሙት። ከዚያም ለዕድሩ ደንብ እንዲስማማ አድርገው ቆርጠው ሰፉት።

መነጽራቸውን ሰክተው ቆሙ።

“አንቀጽ ዐሥራ አራት፣” ብለው ጀመሩ። “በእናቱ ማሕፀን ሳለ የሞተ ፅንስ እንደ ቤተሰብ አባል ይቆጠራል፤ ዕድሩም ሦስት ቀን ይቀመጣል።”

ጭብጨባ ሆነ። ጳውሎስ ቀና አለ።

“ኦስቲን ገና እየተከራከረበት ነው፣” አሉ ጋሼ ኃይለ መስቀል፣ ጭብጨባው እንዲያበቃ ሳይቸኩሉ። “እኛ ቀደምናቸው። ይቀጥላል። ሆኖም ፅንሱ በእናቲቱ ፈቃድ በሐኪም እጅ የወጣ እንደሆነ አይቆጠርም። እንዲህ አለመሆኑንም እናቲቱ ከሐኪም ደብዳቤ አምጥታ ታስረዳለች።”

“ይኼ ደግሞ ከየት መጣ?” አለች እማዋይሽ።

“ከረቂቁ ነው እንጂ ከቤቴ አላመጣሁትም። ውርጃን የሚለይ አንቀጽ አለው። ሕግ ያለ ማግለያ፣ ቤት ያለ በር ማለት ነው።”

ጳውሎስ እንደገና ወለሉን ማየት ጀመረ።  እዚያ ክፍል ውስጥ ነገሩን የሚያውቁት እርሱና እማዋይሽ ብቻ ናቸው። በዚያን ቀን ሆስፒታል መሰረት ደሟ አልቆም አለ። ሐኪሙ ፅንሱ አይድንም፣ ከጠበቅን ግን ሁለት ቀብር ይሆናል፣ ፈርሚና እናውጣው አላት። መሰረት ብዕሩን መያዝ አቅቷት እማዋይሽ አንጓዋን ደግፋላታለች። ሐኪሙ ደብዳቤ ጻፍ ቢባል የሚጽፈው ያንኑ ነው፤ በእናቲቱ ፈቃድና ፊርማ። ጋሼ ኃይለ መስቀል ደግሞ ለዕድሩ የገባን ወረቀት ሁሉ ቆመው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነው የሚያነቡት። ከሚሰሙት ግማሾቹ መሰረት በዘማሪነት ከምታገለግልበት ቤተ ክርስቲያን ናቸው። እነርሱም ውርጃ የሚለውን ቃል በስብከት ላይ ካልሆነ በሹክሹክታ ብቻ የሚያውቁት ናቸው። ማለዳ ይሰሙና ማታ ወሬው ጋርላንድና አርሊንግተን ይደርሳል።

እንቢ ብላ ብትከራከር “ምን አውቀሽ ነው?” ይላሉ። ዝም ብትል ደንቡ ያልፋል። በመጦሪያ ቤቱ አንድ ሽማግሌ ገላዬን አልታጠብም ሲሉ አይከራከሯቸውም፤ ውሃው ሞቋል ወይ ብለው ይጠይቋቸዋል። እማዋይሽ እጇን አወጣች።

“ጋሼ ኃይለ መስቀል፣ አንድ ጥያቄ ነበረኝ።”

“ስለ ወንበር ከሆነ መጨረሻ ላይ።”

“ስለ ሕግ ነው።”

ሰው ሳቀ። እርሳቸው ግን አልሳቁም፤ ስለ ሕግ ጥያቄ ከመጣ ከሚመጣበት አይመርጡም። “በይ እስቲ።”

“መሰረት የተጎዳችው በጥር ነው። ደንቡ የሚወጣው ዛሬ ነው። ታዲያ እንዴት ይደርስላታል?”

ፊታቸው በራ። “ግሩም ጥያቄ! ሰማችሁ? ወደ ኋላ ይሠራል ብለን እንጽፋለን።”

“እስከ ስንት ዓመት ወደ ኋላ?”

አቶ ይገዙ ሰዓቱን አየ። ሊሙዚን ነጂ ነው፤ ፍሪስኮ ያለ አንድ የድርጅት ኃላፊ ወደ ኤርፖርት እንዲያደርሰው እየጠበቀው ነበር። “እትዬ እማዋይሽ፣ በናትሽ! ገደብ የለውም እንበልና እንለፍ። ካስተመር አለኝ።”

“ገደብ የለውም፣” ብለው ጻፉ ጋሼ ኃይለ መስቀል።

“ሐኪም በሌለበት አገር የሆነስ?”

“ሦስት ምስክር ይበቃል።”

“ምስክሩንስ ማን ይሰማል?”

“ኮሚቴው ነዋ! ተቀምጦ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ!”

“ይጻፍልኝ፣” አለች እማዋይሽ በትሕትና።

ተጻፈ። ድምፅ ተሰጠ። አንቀጽ ዐሥራ አራት በሙሉ ድምፅ አለፈ፤ ከሁሉም በላይ ያጨበጨበችው እማዋይሽ ነበረች።

ጳውሎስ ፓርኪንጉ ላይ ደረሰባት። “እትዬ፣ ምን አደረግሽን? ደብዳቤውን ካመጣን አለቀላት፤ ካላመጣንም ደበቁ ይሉናል። አንቺ ደግሞ ታጨበጭቢያለሽ!”

“ደብዳቤ አምጣ ያለህ ማነው?”

“ደንቡ!”

“ደንቡን ለእኔ ተወው። አንተ ሂድና ሚስትህን እራት አብላት።”

ቤቷ እንደገባች ዴንተን ደወለች። ሐሴትን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃታለች፤ በዚያች ልጅ ልደት ላይ ሳይቀር ወንበሮቹ ተዘርግተዋል።

“ሐሴትዬ፣ ያ የኦስቲን ወረቀት ስለ ውርጃ የሚለው ምንድነው?”

“ኦኬ፣ ሶ፣ ማለቴ፣ እሱ ኤክሴፕሽን ነው፣” አለች ሐሴት። “እናትየዋን ማንም ሱ እንዳያደርጋት ነው። ፈቅዳ ከሆነ እሷንም ዶክተሯንም ኮርት መውሰድ አይቻልም። እሷን ፕሮቴክት ለማድረግ ነው እንጂ እሷን ለመቅጣት አይደለም። ዳዲ ገልብጦታል።”

“ነገርሻቸው?”

“ኮል አድርጌ ነገርኩት። ‘ልጅ ሕግ አስተማረኝ’ አለና ዘጋው።”

እማዋይሽ ስልኩን አስቀምጣ ብቻዋን ሳቀች። ሰውዬው ለሴትየዋ የተዘረጋውን ጃንጥላ ወስደው፣ ገልብጠው፣ ዝናብ አጠራቅመው በራሷ ላይ ሊደፉት ነበር። እንግዲህ ዝናቡ ለሁሉም ይዳረስ አለች።

በማግስቱ መሰረት ዘንድ ሄደች። መሰረት እጇን በጨርቅ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ሶፋ ላይ ተቀምጣለች፤ ቴሌቪዥኑ ድምፁ ተዘግቶ ይንቀሳቀሳል።

“ጳውሎስ ነግሮኛል፣” አለች። “ይቅርብኝ፣ እትዬ። ያን ወረቀት ጋሼ ኃይለ መስቀል ቆመው ሲያነቡት ከምሰማ ይቅርብኝ። አብረውኝ የሚዘምሩት ሁሉ እዚያ ናቸው።”

“ለቅሶው ይቅርብሽ ማለት ነው?”

መሰረት ፊቷን ወደ ቴሌቪዥኑ መለሰች። “ሰው መጥቶ ዝም ብሎ እንዲቀመጥ ነበር የፈለግሁት። ምንም እንዳይለኝ። ሌላ ትወልጃለሽ እንዳይለኝ።”

እማዋይሽ ከቦርሳዋ የሐዘን ማስታወቂያ ቅጽ አወጣች። አንድ ገጽ ናት። የሟች ስም፣ ዝምድና፣ የሞተበት ቀንና ቦታ ትጠይቃለች። ጋሼ ኃይለ መስቀል ከቅዳሜው ስብሰባ በኋላ ሁለት መስመር ጨምረውባታል፤ “ጥፋተኛ ካለ” የሚልና “እናቲቱ ፈቅዳለች ወይስ አልፈቀደችም” የሚል።

“ሁሉንም ሙዪ። ይህቺን የመጨረሻዋን መስመር ግን ባዶ ተዪያት።”

“ባዶ ከሆነች ያውቁብኛል።”

“ባዶ የምትተዪው አንቺ ብቻ ከሆንሽ ነዋ የሚያውቁብሽ።”

ከዚያ ተነሥታ ስልሳ ቅጽ ኮፒ አስደረገችና ጋርላንድ ያለው የዙሌይካ የፀጉር ቤት ገባች። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የሴቱ ግማሽ እዚያ ነው፤ ቁንዳላ የሚሠራው፣ የሚተኮሰው፣ ምንም ሳይሠራ ወሬ ሊያዳምጥ የመጣው። ዙሌይካ ቅጹን አነበበችና ማበጠሪያዋን አስቀመጠች።

“እኔ ሁለት ጊዜ አስወርዶኛል፣” አለች። “አንዱ ደሴ፣ አንዱ እዚሁ።”

“ለእያንዳንዱ አንድ ቅጽ ሙዪ።”

“ኮሚቴው መጥቶ ይቀመጥልኛል?”

“ሦስት ሦስት ቀን። ስድስት ቀን ይገዙን ከነከረቫቱ ሳሎንሽ ላይ ገትሪው።”

ዙሌይካ እስክታለቅስ ሳቀች። ቁንዳላ የሚሠሩላት ሴትዮ ከወንበሩ ላይ ሆነው፣ “ለእኔም ስጪኝ፤ ባሌ ካልመጣ ግን አልሞላም፣ እሱም ይቀመጣታል!” አሉ። አንዷ አራት ወሰደች። አንዷ እናቷን ወክላ መሙላት ይቻል እንደሆነ ጠየቀች። ሳቁ እንደ እሳት ከአንዱ ወንበር ወደ አንዱ ዘለለ።

ጥግ ላይ፣ ማድረቂያው ሥር፣ የጋሼ ኃይለ መስቀል ሚስት ጊፍቲ ተቀምጣ ነበር። እማዋይሽ ለእርሷ ልስጥ አልስጥ ብላ አመነታች፤ የጸሐፊውን ሚስት በጸሐፊው ላይ ማስነሣት ከነገር ሁሉ ያልፋል። ጊፍቲ ግን ራሷ እጇን ዘረጋች። ቅጹን ተቀበለች፣ አራት አጠፈችው፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። 

የራሷን ቅጽ እማዋይሽ የሞላችው ሰኞ፣ በመጦሪያ ቤቱ የምሳ ዕረፍት ላይ ነው። ለቀልድ ነበር የጀመረችው። ዝምድና፦ ልጅ። ቦታ፦ አዲስ አበባ፣ ጉለሌ። ዓመት፦ 1967። እዚህ ላይ ብዕሩ ቆመ። በዚያ ዓመት ባሏ ወጥቶ የቀረበት፣ እርሷም በሦስተኛ ወሯ አንዲት አሮጊት ዘንድ በራሷ እግር የሄደችበት ጊዜ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ማንም አልጠየቃትም፤ እርሷም አልተናገረችም። የመጨረሻዋን መስመር እንደ ሌሎቹ ባዶ ተወቻት። ሳንድዊቿን ሳትጨርስ ተነሥታ ወደ ሥራዋ ገባች።

መጋቢት 6፣ የሚቀጥለው ቅዳሜ፣ አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። የተጠራበት ምክንያት የጋሼ ኃይለ መስቀል የፖስታ ሣጥን አልዘጋም ስላለ ነው። በዚህ ቀን ከመቶ የማያንስ ሰው መጣ፤ አብዛኛው ሴት። መሰረትም መጥታ ከጳውሎስ ጎን ተቀመጠች።

ጋሼ ኃይለ መስቀል ቅጾቹን በጠረጴዛው ላይ ቆለሏቸው። “አርባ ሦስት፣” አሉ። “በአንድ ሳምንት አርባ ሦስት ሐዘን። ወረርሽኝ ገብቷል እንዴ?”

“ገደብ የለውም ተብሎ የለም?” አለች ዙሌይካ።

አቶ ይገዙ በጣቱ ቆጠረ፤ በጣቱ አልደርስ ሲለው ካልኩሌተሩን አወጣ። በደንቡ መሠረት ቅጽ የሞላ አባል ካለ ኮሚቴው ሙሉውን ሦስት ቀን ይቀመጣል። ሦስት ለቅሶ የቀረ፣ የኮሚቴ ሰውም ቢሆን፣ ከዕድሩ ይሰረዛል። ይህን ጽፈው ያስጸደቁት ራሳቸው ጋሼ ኃይለ መስቀል ናቸው።

“መቶ ሃያ ዘጠኝ ቀን!” አለ ይገዙ። “እስከ ጁላይ መጨረሻ! ኖ፣ ኖ። ሊሙዚኑን ማን ሊነዳልኝ ነው?”

“ሕግ ሕግ ነው፣” አሉ ጋሼ ኃይለ መስቀል። ድምፃቸው ግን ትንሽ ሳስቷል። “እያንዳንዱ ይመረመራል። ማስረጃ የሌለው ይወድቃል። የመጀመሪያዋ፣ እማማ ወለተጊዮርጊስ።”

እማማ ወለተጊዮርጊስ የሰባ ስምንት ዓመት ባልቴት ናቸው፤ ከልጃቸው ጋር ለመኖር ከመንዝ ከመጡ ሁለት ዓመታቸው ነው። በምርኩዝ ተነሡ።

“ጥፋተኛ በሚለው ላይ በቅሎ ተብሏል፣” አሉ ጋሼ ኃይለ መስቀል።

“አዎ ልጄ። ቦራ ናት፤ ጥላኝ ነው።”

“እንስሳ ተጠያቂ አይሆንም፤ ተጠያቂው ባለቤቱ ነው። የማን ነበረች?”

“የአማቴ። እሳቸውን ለመክሰስ ካሰብክ ከሞቱ አርባ ዓመት አልፏል። በቅሎዋ ግን ብዙ ኖራለች።”

ክፍሉ በሳቅ ተናጠ። ጋሼ ኃይለ መስቀል ጠረጴዛውን መቱ። “ሦስት ምስክርዎስ?”

“እግዜር ዘንድ ናቸው። ብትልክባቸው ይመጡ ይሆናል። እስከዚያው እኔ ልመስክር። ከወደቅሁ በኋላ ወገቤን ያዘኝና፣ ከዚያ ደሙ መጀመሪያ ጥቁር ሆኖ...”

“ይብቃ፣ እማማ!” አለ ይገዙ፣ ጆሮው ቀልቶ። “አምነንዎታል!”

“ቁጭ በል አንተ! ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይሰማል ነው የሚለው ደንቡ፤ አስነብቤያለሁ። ደግሞ ሦስት ናቸው፤ ገና ከአንደኛው አልወጣሁም።”

ጨረሱላቸው። ሦስቱንም። ከኮሚቴው አንዱ ውሃ ልጠጣ ብሎ ወጥቶ አልተመለሰም። ሌላው ጣሪያውን ማየት ከጀመረ ቆይቷል። ቀጥሎ የተነሣችው ሴት ከወለተጊዮርጊስ ይልቅ ዝርዝር የምትወድ ነበረች፤ እጇንም እያሳየች ነበር የምትናገረው።

ጋሼ ኃይለ መስቀል ግን አልበገርም አሉ። ቅጾቹን እያገላበጡ፣ “ይህቺ የመጨረሻዋ መስመር ለምን ባዶ ሆነች?” አሉ። “ፈቅዳለች ወይስ አልፈቀደችም የምትለው?”

“ረሳኋት፣” አለች አንዷ።

“እኔም።”

“ብዕሬ አለቀብኝ።”

“አርባ ሦስቱም ቅጽ ላይ ብዕር አለቀ?” አሉ። ጣታቸው በክምሩ ውስጥ ወደ ታች ወረደ። መሰረት የጳውሎስን እጅ ያዘች፤ የእርሷ ቅጽ መካከል ላይ ነው፣ ከዙሌይካ ሁለት ቅጾች ሥር።  ጣታቸው የመሰረት ላይ ሳይቆም አለፈና ከሁሉም ሥር የነበረችውን ቅጽ አወጣ። አራት ተጣጥፋ የቆየች መሆኗ ያስታውቃል።

ጋሼ ኃይለ መስቀል ለማንበብ አፋቸውን ከፈቱ። አላነበቡም።

“አንብበው እንጂ፣” አለች ጊፍቲ ከሦስተኛው ረድፍ። “ለዕድሩ የገባ ወረቀት ሁሉ አይደለም የሚነበበው?”

“ጊፍቲ፣ እቤት...”

“እቤትማ ዐሥራ አምስት ዓመት ሆነው። ቦታ የሚለው ላይ ምን ይላል?”

“ካርቱም፣” አሉ፣ በጭንቅ በሚሰማ ድምፅ።

“የአባት ስም?”

ቅጹን ወደ ደረታቸው አስጠጉት። ከፊት የተቀመጡት ግን የቅጹን ፊደል ከሩቅ ማንበብ ሳያስፈልጋቸው ገባቸው። ሳቁ ሁሉ ከክፍሉ ወጥቶ ሄደ። ካርቱም ሳሉ ጋሼ ኃይለ መስቀል ሥራ አልነበራቸውም፣ ጊፍቲ ሰው ቤት ትሠራ ነበር፣ ይህን ሁሉም ያውቃል። ያልታወቀው አሁን ታወቀ።

“ሦስት ምስክር አምጪ ካልከኝ፣” አለች ጊፍቲ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ “አንዱ አንተ ነህ። ደብዳቤ አምጪ ካልከኝ ካርቱም ልጻፍ። መስመሯንም ሙዪ ካልከኝ እሞላታለሁ። ግን አብረን ነው የምንሞላት፤ ያኔም አብረን ነው የፈቀድነው።”

ጋሼ ኃይለ መስቀል መነጽራቸውን አወለቁ፤ ጠረጉት፤ መልሰው አደረጉት። ቅጹን አጥፈው በሸሚዛቸው ኪስ ከተቱት። ከዚያ የደንቡን መዝገብ ሳቡና ብዕራቸውን አወጡ።

“አንቀጽ ዐሥራ አራት፣” አሉ፣ እንደ ወትሮው ቆመው። “እንደ ተሻሻለው ላንብብ። በእናቱ ማሕፀን ሳለ የሞተ ፅንስ እንደ ቤተሰብ አባል ይቆጠራል፤ ዕድሩም ሦስት ቀን ይቀመጣል። ነጥብ።” ከዚያ በታች ባለው ላይ ከዳር እስከ ዳር መስመር አሰመሩበት። ለረጅም ጊዜ ነበር ያሰመሩት። “ደብዳቤ የሚባል ነገር የለም። የኦስቲኑም ቢሆን እናትን ደብዳቤ አምጪ አይልም። ልጄ ነግራኝ ነበር።”

“ማለፊያ!” አለ ይገዙ፣ ደረቱ ቀለል ብሎት። ወዲያው ግን ካልኩሌተሩን አየ። “ቆይ፣ ደብዳቤው ቀረ ማለት አርባ ሦስቱም ሊቆጠሩ ነው ማለት ነው! አሁን ባሰ እኮ!”

እማዋይሽ ይህን ስትጠብቅ ነበር የቆየችው። “እኛ ሴቶቹ ተነጋግረን ነበር፣” አለች፤ ማንም ከማንም ጋር አልተነጋገረም ነበር። “አርባ ሦስቱንም በአንድ ላይ፣ በአንድ ቤት ብንቀመጥ ይበቃናል። ሦስት ቀን ብቻ። ከሁላችን ሐዘን ቅርቡ የመሰረት ነው፤ እርሷ ቤት ይሁን።”

“እግዜር ይስጥሽ!” አለ ይገዙ። “ተባርከሻል! ወንበሩን እኔ ራሴ በሊሙዚኑ አመላልሳለሁ!”

እማማ ወለተጊዮርጊስ ዘጠኝ ቀን ሊቀመጡ ተዘጋጅተው ስለነበር ትንሽ ቅር አላቸው። ሌላው ሁሉ እጁን አወጣ። ጋሼ ኃይለ መስቀልም አወጡ፤ አውርደውም ወደ ሦስተኛው ረድፍ ሄደው ከጊፍቲ አጠገብ ተቀመጡ። ቃለ ጉባኤውን ሌላ ሰው ጻፈው።

መሰረት ከመቀመጫዋ አልተነሣችም። እማዋይሽ አልፋት ስትሄድ ቀሚሷን ያዘቻት።

“የእኔን አላነበቡትም፣” አለች።

“አላነበቡትም።”

“አንቺስ ሞልተሻል?”

“ሞልቻለሁ፣” አለች እማዋይሽ። ቀልድ ልትጨምርበት ፈልጋ ነበር፤ አልመጣላትም።

ከእሑድ እስከ ማክሰኞ ዕድሩ መሰረት ቤት ለቅሶ ተቀመጠ፤ ጳውሎስ በር ላይ ቆሞ ሰው ተቀበለ፤ ሌላ ትወልጃለሽ ያላት አልነበረም። ረቡዕ ጠዋት መሰረት ሥራ ገባች።